እንጉዳይ፦ በቤት እናብቅለው ወይስ ከሱቅ እንግዛው?



ቀደም ባለው ጊዜ በብዙዎቻችን ቤት እንጉዳይ ከማዕድ ጋር የሚነሣ ስም አልነበረም። በደጋው አገር ክረምት ሲገባ በሜዳው ላይ ብቅ የሚለውን ‹‹የጅብ ጥላ›› እያልን ከመጥራት በቀር፣ ወደ ድስት ልናስገባው ይቅርና ልጆቻችን በእጃቸው እንዲነኩት እንኳ አንፈቅድም ነበር። በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል በጫካ አቅራቢያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ከአባቶቻቸው በወረሱት እውቀት የሚበላውን ከማይበላው እየለዩ ሲመገቡት ኖረዋል። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በከተሞች በሚገኙ የአትክልት መደብሮችና ሱፐርማርኬቶች ትኩሱም፣ የደረቀውም፣ በቆርቆሮ የታሸገውም እንጉዳይ ይሸጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ‹‹እንጉዳይ በቤታችሁ አብቅሉ፤ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው›› የሚል ምክር በየአቅጣጫው ይሰማል። ይህን የሰማ ቤተሰብ ‹‹እውነት ያዋጣናልን?›› ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በተለይም ልጆች የሚያሳድግና እያንዳንዱን ብር ቆጥሮ የሚያወጣ ቤተሰብ በሰው ወሬ ብቻ ተነሣስቶ ገንዘቡን ማባከን አይገባውም።

መልሱን ከወዲሁ ባጭሩ እናስቀምጠው። እንጉዳይ ሁሉ በቤት የሚበቅል አይደለም። በቤት ማብቀል የሚቻለውም ቢሆን ዋጋው በብር ብቻ ሳይሆን በጊዜ፣ በንጽሕናና በማያቋርጥ ክትትል ይከፈላል። ከሱቅ የሚገዛ ሰው ይህን ድካም ለሌላ ሰው ከፍሎ ያሠራል፤ በቤቱ የሚያበቅል ደግሞ ራሱ ይሠራዋል። ስለሆነም ከሁለቱ የሚሻለውን ለመለየት አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ በቅደም ተከተል እናየዋለን።

እንጉዳይ ምንድን ነው?

እንጉዳይ በመልኩ ተክል ቢመስልም ተክል አይደለም። ተክሎች አረንጓዴ ቅጠላቸውንና የፀሐይን ብርሃን ተጠቅመው ምግባቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። እንጉዳይ ግን አረንጓዴ ነገር ስለሌለው ይህን ማድረግ አይችልም። ወገኑ ከእርሾና ከሻጋታ ጋር፣ ማለትም ‹‹ፈንገስ›› ከሚባለው ዝርያ ነው። የሚመገበውም እንጨት፣ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠልና ይህን የመሰለውን ነገር እያበሰበሰ ነው።

እኛ እንጉዳይ ብለን የምንበላው ጃንጥላ መሰል አካል የፈንገሱ ፍሬ ነው። ዋናው አካሉ በጭዱ ወይም በአፈሩ ውስጥ ተሰራጭቶ የሚገኝ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ነው። ክሩ በቂ ምግብና እርጥበት ካገኘ በኋላ ፍሬውን ወደ ውጭ ያወጣል። ፍሬው በበኩሉ ከጃንጥላው ሥር ካሉት ስንጥቆች እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ በመርጨት ዘሩን ያሰራጫል። ይህን ነጭ ክርና ይህን ብናኝ አንባቢያን በልቡናቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ በቤት ማብቀል ማለት ክሩን መንከባከብ ሲሆን፣ በቤት ማብቀል ከሚያስከትላቸው ችግሮች አንዱ ደግሞ ከብናኙ ይመጣል።

በቤት የሚበቅለውና የማይበቅለው

በገበያ ላይ በብዛት የምናገኛቸው ትኩስ እንጉዳዮች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ክብና ነጭ፣ እንደ ቁልፍ የተድቦለቦለው ሲሆን ብዙዎች ነጭ እንጉዳይ ወይም ሻምፒኞን ይሉታል። ይህ እንጉዳይ በፈረንሳይ አገር በፓሪስ አካባቢ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መልማት የጀመረ ነው። የሚበቅለው ከጭድና ከፈረስ ወይም ከዶሮ ፍግ ተዘጋጅቶ ለሳምንታት በተብላላ ኮምፖስት ላይ ነው። ኮምፖስቱ በራሱ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስኪግል መብላላት፣ ከዚያም በእንፋሎት ተሞቆ ከጎጂ ነገሮች መጽዳት፣ በመጨረሻም በተለየ አፈር መሸፈን ይኖርበታል። ፍሬ የሚያወጣውም ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ነው። ይህ ሁሉ ሽታም ሥራም ስላለው ለመኖሪያ ቤት አይመችም። በመሆኑም ነጭ እንጉዳይ የሚፈልግ ቤተሰብ ከሱቅ ቢገዛ ይሻለዋል እንላለን።

በዚህ አጋጣሚ አንዳንድ ወገኖች ‹‹በፍግ ላይ የበቀለ እንዴት ይበላል?›› ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው ብያኔ፣ ነጃሳ ባለበት ቦታ የበቀለ ነገር ራሱ ጧሂር መሆኑና ላዩን የነካው ነገር ካለ ታጥቦ መወገድ እንዳለበት ነው። የተለየ ጥርጣሬ ያለበት ሰው በአካባቢው የሚገኙ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ዓይነት ‹‹ኦይስተር›› በመባል የሚታወቀው፣ እንደ ጆሮ የተዘረጋና እርስ በርሱ ተደራርቦ በክምችት የሚወጣው እንጉዳይ ነው። ይህን እንጉዳይ ማልማት የተጀመረው በጀርመን አገር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የምግብ እጥረትን ለመቋቋም ነበር። ፍግም ሆነ የተብላላ ኮምፖስት አይፈልግም። የስንዴ፣ የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ፣ የጥጥ ፍሬ ልጣጭ፣ የቡና ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃዋል። እነዚህ ሁሉ በአገራችን የሚገኙ ናቸው። በቤት ለማብቀል የሚመከረውም ይኸው ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በክረምቱ ወራት ከዝናብ በኋላ በገበያ የሚያዩትን የበረሃ ‹‹ከምእ›› ያውቁታል። በዚያ አካባቢ ‹‹ፈቅዕ›› ይሉታል። በሐዲስ የተወሳው ከምእም ይኸው ከመሬት ሥር እንደ ድንች ተድቦልቡሎ የሚገኘው የፈንገስ ፍሬ ነው። ማንም ሳይዘራው ከነጎድጓድና ከዝናብ በኋላ ስለሚገኝ ዐረቦች የነጎድጓድ ተክል ብለው ጠርተውታል። ይህ ዓይነቱ ሕይወቱ ከአንዳንድ የበረሃ ቁጥቋጦዎች ሥር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ በጭድ ከረጢት ውስጥ አይበቅልም። ‹‹የከምእ ዘር እንሸጣለን፤ በቤት ይበቅላል›› የሚል ቢያጋጥም መጠንቀቅ ያሻል።

በቤት የማብቀል ሂደት

የኦይስተር እንጉዳይ በቤት የሚበቅለው በሚከተሉት ደረጃዎች ነው።

1ኛ. ጭዱን ማዘጋጀት። ጭዱ አዲስ፣ ደረቅና ሻጋታ ያልነካው መሆን አለበት። ረጅም ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይቆራረጣል። ከዚያም በበርሜል ወይም በትልቅ ድስት ውስጥ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይዘፈዘፋል። ይህ የሚደረገው በጭዱ ላይ ያሉትን የሻጋታ ዘሮችና ነፍሳት ለማጥፋት ነው። ውሃው እንዲንተከተክ አያስፈልግም። ቴርሞሜትር ቢኖር ይመረጣል።

2ኛ. ማጠንፈፍና ማቀዝቀዝ። ጭዱ በንጹሕ ወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርጎ ውሃው ይንጠፈጠፋል። በቂ መሆኑ የሚታወቀው ጥቂት ጭድ በእጅ ጨብጠን ስንጨምቀው ሁለትና ሦስት ጠብታ ብቻ ሲወጣው ነው። ውሃ ከበዛበት ይሸታል፤ ካነሰው ክሩ አይሰራጭም። አንድ ኪሎ ደረቅ ጭድ በዚህ መንገድ ሲርስ ወደ ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዘሩ ከመግባቱ በፊት ጭዱ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ በሙቅ ጭድ ላይ የተጨመረ ዘር ይሞታል።

3ኛ. ዘሩን መጨመር። የእንጉዳይ ዘር የሚባለው በማሽላ ወይም በስንዴ ፍሬ ላይ እንዲባዛ የተደረገው ነጭ ክር ነው። ይህ በቤተ ሙከራ የሚዘጋጅ ስለሆነ ከአምራቾች ይገዛል። ስንገዛው ሁለንተናው ነጭ፣ ሽታው የሚያውድ፣ አረንጓዴም ሆነ ጥቁር ነጠብጣብ የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የሚጨመረው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ እርጥብ ጭድ ሃምሳ ግራም ያህል ነው። እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ወልውለን፣ በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ ረድፍ ጭድ፣ አንድ ረድፍ ዘር እያደረግን እንሞላለን። አፉን ካሰርን በኋላ በጎንና በጎኑ በንጹሕ ቢላዋ ትንንሽ ቀዳዳዎች እናበጅለታለን።

4ኛ. በጨለማ ማቆየት። ከረጢቶቹ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ባለውና ብርሃን በማይበዛበት ስፍራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀመጣሉ። በዚህ ጊዜ ውሃ አይጠጡም። ነጩ ክር ቀስ በቀስ ጭዱን ሁሉ ሸፍኖ ከረጢቱ ነጭ ይሆናል።

5ኛ. ማብቀል። ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ በኋላ ንጹሕ አየርና መጠነኛ ብርሃን ወዳለበት ቦታ ይዛወራል። ቀጥተኛ ፀሐይ ግን አያስፈልገውም። በዙሪያው ያለው አየር እንደ ጉም የረጠበ እንዲሆን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በውሃ መርጫ ግድግዳውን፣ ወለሉንና የከረጢቱን ዙሪያ ማርጠብ ይገባል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በቀዳዳዎቹ አጠገብ እንደ ክብሪት ራስ ያሉ ቡቃያዎች ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ ለመለቀም ይደርሳሉ።

6ኛ. መልቀም። የጃንጥላው ጠርዝ ወደ ታች እንደታጠፈ ሳለ፣ ገና ተዘርግቶ ወደ ላይ ሳይገለበጥ፣ ክምችቱ ከሥሩ በእጅ ተይዞ በመጠምዘዝ ይነቀላል። ጉቶ እንዳይቀር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው ጉቶ ይበሰብስና ለዝንብ መፈልፈያ ይሆናል። ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይወጣል። አንድ ከረጢት በአብዛኛው ሦስት ጊዜ ያህል ይለቀማል፤ የመጀመሪያው ከሁሉ ይበዛል።

ሥራው ሲሰምር አንድ ኪሎ ደረቅ ጭድ በጠቅላላው ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ይሰጣል። ጀማሪ የሆነ ሰው ዝቅተኛውን ቢያስብ ይሻለዋል። ያለቀለት ጭድም አይጣልም፤ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

በቤት ሲበቅል የሚያጋጥሙ ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር አረንጓዴ ሻጋታ ነው። ከረጢቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ከታየ ጭዱ በሚገባ አልጸዳም ወይም ዘሩ ሲጨመር ንጽሕና ጎድሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ከረጢት ከሌሎቹ ለይቶ፣ ሳይከፍቱ ከቤት ማውጣት እንጂ ‹‹ይሻለው ይሆናል›› ብሎ ማቆየት ሌሎቹንም ያሳጣል።

ሁለተኛው የአየር እጥረት ነው። እንጉዳይ እንደ እኛ ይተነፍሳል። ክፍሉ ከታፈነ ግንዱ ይረዝማል፣ ጃንጥላው ግን ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው መስኮቱን ይክፈት እንጂ ውሃ አይጨምር።

ሦስተኛው ድርቀት ነው። በበጋው ወራት፣ በተለይም ነፋስ በሚበዛበት ቤት፣ ቡቃያዎቹ ቢጫ ሆነው ይደርቃሉ። ለአንድ ቀን እንኳ ከቤት ርቆ የሚውል ሰው ውሃ የሚረጭለት ከሌለ ልፋቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

አራተኛውና ቤተሰብን በእጅጉ የሚመለከተው ግን ቀደም ሲል የጠቀስነው ብናኝ ነው። ኦይስተር እንጉዳይ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ብናኝ በብዛት ይረጫል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህን ብናኝ ደጋግሞ የሚተነፍስ ሰው ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ እንጉዳይ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ መበቀል የለበትም። አስም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ደግሞ ከመኖሪያው የተለየ ክፍል ወይም የውጭ መጠለያ ከሌለ ባይጀመር ይመረጣል። በመልቀም ሥራ ላይ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ጃንጥላው ተዘርግቶ ሳያልቅ መልቀምም ይህን ጉዳት ይቀንሳል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤተሰብ እንጉዳዩን ከሱቅ ይግዛ እንጂ ከልጆቹ ጋር አያሳድረው።

ከሱቅ ስንገዛ ምን እንይ?

ትኩስ እንጉዳይ ስንገዛ ላዩ ደረቅ ያለና ጠንካራ፣ ጠርዙ ያልተሰነጠቀና ያልጠቆረ መሆኑን እንመልከት። የሚያሙለጨልጭ ወይም የከረረ መጥፎ ሽታ ያለው አይገዛም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጡ ውሃ ያቋተ ከሆነም ታፍኖ ቆይቷልና መተው ይሻላል። ነጩ እንጉዳይ ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ገና ያልተገለጠ ከሆነ ትኩስነቱን ያሳያል። ኦይስተሩ ከሥሩ አካባቢ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ቢኖረው የራሱ ክር ሊሆን ስለሚችል ያ ብቻውን አያሳስብም፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን ሻጋታ ነው።

ከገዛን በኋላ በወረቀት ከረጢት አድርገን በማቀዝቀዣ ውስጥ ብናኖረው ለጥቂት ቀናት ይቆያል። በፌስታል ታስሮ ከተቀመጠ በላብ ይበላሻል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይግዛ፤ የተረፈውን ደግሞ ሰነጣጥቆ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በፀሐይ ያድርቀው። ትኩስ እንጉዳይ ከመቶ ዘጠናው ውሃ ስለሆነ አንድ ኪሎው ሲደርቅ መቶ ግራም ገደማ ይሆናል። ደረቅ ሆኖ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

በቆርቆሮ የታሸገው አብዛኛውን ጊዜ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ከመብሰሉ በፊት ማለቅለቅ ጨውን ይቀንሳል። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን፣ የተነፋውን፣ የሚያፈሰውንና ዝገት የበላውን ቆርቆሮ ዋጋው ቢቀንስም መግዛት አይገባም። የተነፋ ቆርቆሮ ውስጡ ገዳይ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ቀምሶ ለመሞከር እንኳ አይከፈትም።

ሂሳቡን እንዴት እናስላው?

የጭድም የዘሩም ዋጋ ከቦታ ቦታና ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ፣ ብሩን ከመጥቀስ ይልቅ ስሌቱን ማሳየት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሁለት ኪሎ ደረቅ ጭድ ወስደን ሁለት ከረጢት አዘጋጀን እንበል። እርጥቡ ስድስት ኪሎ ይሆናል፤ ሦስት መቶ ግራም ዘር ይፈልጋል። የምናገኘው በዝቅተኛው ስሌት አንድ ኪሎ ነው። የዘሩን፣ የጭዱን፣ የከረጢቱን፣ ውሃ ያሞቅንበትን የከሰል ወይም የመብራት ወጪ ደምረን ለአንድ ኪሎ እናካፍላለን። ይህን ሱቁ ከሚጠይቀው የአንድ ኪሎ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው።

ቀጥሎ ጊዜያችንን እንቁጠር። ጭዱን አዘጋጅቶ ለመሙላት አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በጨለማው ወቅት በቀን አምስት ደቂቃ ለሃያ አምስት ቀን ብንጎበኘው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በማብቀያው ወቅት በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ብንሠራ፣ በሠላሳ አምስት ቀን አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በድምሩ ሃያ አራት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ከሦስት የሥራ ቀን በላይ ነው። ለአንድ ኪሎ እንጉዳይ ይህን ያህል ጊዜ ማዋል ያዋጣል ብለን አንናገርም።

ነገር ግን ከረጢቶቹ አሥር ቢሆኑስ? የዝግጅቱ ጊዜ ይጨምር ይሆናል እንጂ ውሃ ለመርጨትና ለመጎብኘት የሚወስደው ጊዜ ያን ያህል አይለወጥም። የሚገኘው ምርት ግን በዝቅተኛው ስሌት አምስት ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ከረጢት ትምህርት ቤት ነው፤ ትርፍ አይጠበቅበትም። አሥር ከረጢት ግን ሥራ ነው። ሥራውን ሳይማር በአሥር ከረጢት የሚጀምር ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ለሻጋታ ሊያስረክብ ይችላል፤ ተምሮም በሁለት ከረጢት የሚቀር ደግሞ ለትንሽ ምርት ብዙ ይደክማል። በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ እንጉዳይ የሚመገብ ቤተሰብ ከሱቅ መግዛቱ ያለ ጥርጥር ይሻለዋል። በየሳምንቱ የሚመገብ ወይም ለጎረቤትና ለምግብ ቤት ሊሸጥ የሚያስብ፣ በቤቱ የሚውል ሰውና የተለየ ቦታ ያለው ቤተሰብ ግን ቢሞክር መልካም ነው።

የምግብነት ጥቅሙ

‹‹እንጉዳይ ሥጋን ይተካል›› የሚለው አባባል በገበያ ላይ ይደጋገማል። ነገሩን በልኩ ማየት ይገባል። መቶ ግራም ትኩስ እንጉዳይ ሦስት ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር ግን ዘጠኝ ግራም ያህል፣ አንድ እንቁላል ደግሞ ስድስት ግራም ያህል አለው። ስለሆነም ለሚያድጉ ልጆች እንጉዳዩ ከምስሩ፣ ከሽሮውና ከእንቁላሉ ጋር የሚጨመር እንጂ እነርሱን አስቀርቶ የሚተካቸው አይደለም። እንጉዳይ ስብና ጨው አነስተኛ ሲሆን፣ ፖታሲየምና የተለያዩ የቢ ቫይታሚኖች ይገኙበታል። ተሰነጣጥቆ በቀትር ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ ቢሰጣ በውስጡ ቫይታሚን ዲ ይዳብራል።

አበሳሰሉም ቀላል ነው። በውሃ ሳይዘፈዘፍ ፈጠን ተደርጎ ይታጠባል፤ በእጅ ይተለተላል። በደረቅ መጥበሻ ላይ ውሃውን አውጥቶ እስኪመጥ ከተገላበጠ በኋላ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ተጨምሮበት እንደ ጥብስ ይሠራል። በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ውስጥም ይገባል። ጥሬውን ወይም ሳይበስል መብላት አይመከርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሱ ልጆች ጥቂት በጥቂት ቢጀምሩ ይሻላል፤ የማይስማማው ሰው ሊኖር ይችላልና።

ከሜዳ ስለሚለቀመው

ከሱቅም ሳይገዛ፣ በቤቱም ሳያበቅል ‹‹ከሜዳው እለቅማለሁ›› የሚል ሰው እንዳይኖር አጥብቀን እናሳስባለን። በቤቱ እንጉዳይ የለመደ ልጅ በሜዳ የሚያየውም አንድ ሊመስለው ይችላል። እንዳይነካ በግልጽ መንገር የወላጅና የአሳዳጊ ግዴታ ነው።

ከመርዛማ እንጉዳዮች መካከል የባሰው መርዝ ሲበሉት ጣዕሙ አያስታውቅም። ሕመሙ የሚጀምረው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ ነው። ትውከቱና ተቅማጡ ካበቃ በኋላ ታማሚው የዳነ ይመስላል፤ በዚያው ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱን እያጠፋው ነው። መቀቀልም፣ መጥበስም፣ ማድረቅም ይህን መርዝ አያጠፋውም። ‹‹የብር ማንኪያ ያጠቁራል››፣ ‹‹ነጭ ሽንኩርት ይለየዋል››፣ ‹‹ትል ከበላው ሰውም ይበላዋል›› የሚሉት መለያዎች ሁሉ መሠረት የሌላቸው ናቸው። ያልታወቀ እንጉዳይ የበላ ሰው ካለ ሕመሙ እስኪጀምር ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ የተረፈውንም እንጉዳይ ለሐኪሙ ለማሳየት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከመንገድ ዳር ከሚሸጡም ከየት እንዳመጡት ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ለቤተሰብ ለሚረዱ ወገኖች

አንዳንድ በጎ አድራጊ ወገኖች ችግረኛ ቤተሰብን በእንጉዳይ ልማት ለማቋቋም ያስባሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ከረጢት ገዝቶ መስጠት ብቻውን መርዳት አይሆንም። አስቀድሞ አራት ነገሮች ይጠየቁ፦ ከመኝታ የተለየ ቦታ አለን? ውሃ በየዕለቱ ይገኛልን? የሚከታተል ሰው በቤት ይውላልን? ምርቱን የሚገዛ ማን ነው? ኦይስተር እንጉዳይ ከተለቀመ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ገዢው ከመልቀሙ በፊት መታወቅ አለበት። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ርዳታው በሌላ መንገድ ቢሆን ለቤተሰቡ ይበልጥ ይጠቅማል። አራቱም ከተሟሉ ደግሞ ሁለት ከረጢት ሰጥቶ ማስተማር፣ ምርቱን አይቶ ወደ አሥር ማሳደግ ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን በአጭሩ ስናጠቃልለው፣ ነጩን እንጉዳይ ከሱቅ ግዙ፤ ኦይስተሩን ቦታና ጊዜ ካላችሁ በሁለት ከረጢት ተማሩበት፤ ሲሰምርላችሁ ጨምሩ፤ ልጆች በሚተኙበት ክፍል አታብቅሉ፤ የሜዳውን አትንኩ። ከሱቅ መግዛት ስንፍና አይደለም፤ በቤት ማብቀልም ብቻውን ቁጠባ አይሆንም። ቁጠባ የሚሆነው ቤተሰቡ አቅሙን፣ ቦታውንና ጊዜውን አውቆ ሲመርጥ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን በረካ ያድርግልን፤ የምናውቀውንም የምንሠራበት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።